የቡናን ዛፍ ማንበብ፦ ከቅጠሉ ጀርባ እስከ ፍሬው ሆድ፣ ደረጃ በደረጃ

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ለመቁጠር የሚቀድመን የለም። ዛፉ ሥር አቁመው «ይቺ ቅርንጫፍ ለከርሞ ትሰጣለች ወይስ ጨርሳለች?» ቢሉን ግን አብዛኞቻችን እንደናገራለን። እኔ ራሴ ቡና ባለበት ቤት ነው ያደግሁት። ለቀማውን እጄ በልጅነቴ ለምዶታል፤ ዛፉን ማየት የተማርኩት ግን ብዙ ዘግይቼ፣ ለዚያውም ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ስህተቱን እታች እነግራችኋለሁ።

ይህ መመሪያ አንድ የቡና ዛፍ ላለው ሰው ሁሉ ነው። ጅማ ወይም ይርጋለም ጓሮው ውስጥ ያለው ይሁን፣ ዋሽንግተን መስኮቱ ሥር በአበባ ማሰሮ ያሳደገው ለውጥ የለውም። ዛፉን ደህና አድርጎ ለማየት ሁለት ሰዓት ይበቃል። የሚቀጥለውን ዓመት ምርት ቀድሞ ለመገመት ግን አንድ ዓመት መመላለስ ይጠይቃል።

ትንሽ መንደርደሪያ ያስፈልጋል። የቡና ወገን በሳይንስ ስሙ ኮፊያ ይባላል። ከ120 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ሁሉም ቁጥቋጦ ወይም ትንንሽ ዛፍ ናቸው። የሚበቅሉት በሞቃታማው አፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በአካባቢዋ ደሴቶች፣ ከዚያም አልፎ እስከ ደቡብ እስያና ሰሜን አውስትራሊያ ነው። ቤተሰቡ ሩቢያሴ ነው፤ የወባው ኪኒን የሚገኝባት ሲንኮናና ሽታዋ የሚያውደው ጋርዲኒያ የዚሁ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የኛው ቡና ኮፊያ አራቢካ ነው። ስሙን በፈረንጆቹ 1753 ያወጣለት ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ሲሆን፣ አውሮፓ ቡናን ያወቀችው በየመን በኩል ስለነበር «የዐረብ» ብሎ ሰየመው። ተክሉ ዱር ሆኖ የሚገኘው ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች፣ በደቡብ ሱዳን ቦማ ደጋና በኬንያ ማርሳቢት ተራራ ነው። ስሙ ተሳስቶ ቀረ፤ የእጽዋት ስም አሰጣጥ ሕግ ደግሞ አንዴ በደንብ የወጣን ስም በእንዲህ ያለ ምክንያት አይለውጥም።

1. ዕቃውና ጊዜው

ምላጭ፣ ማስመሪያ፣ ደማቅ ቀለም ያለው ክርና ማስታወሻ ያዙ። አጉሊ መነጽር ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ የስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየት ይችላል። አበባ ለማየት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ የጣለበትን ቀን መዝግቡና ከ8 እስከ 10 ቀን ቆጥራችሁ ማለዳ ውጡ። ሁለት ሦስት ቀን ከዘገያችሁ አበባው ጠውልጎ ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቅርንጫፍ ለማንበብ የሚመቸው ጥቅምት ነው፤ ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።

2. መጀመሪያ ቡና መሆኑን አረጋግጡ

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በጫካ ውስጥ ቡና የሚመስሉ የቡና ዘመዶች አሉ። ከነሱ አንዷ ጋሊኒየራ ትባላለች፤ የቀድሞ የሳይንስ ስሟ ትርጉም ራሱ «ቡና መሳይ» ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገር ተመልከቱ።

ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በአንድ አንጓ ላይ ፊት ለፊት ይወጣሉ። የአራቢካ ቅጠል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ትንሽ ይሞገዳል፣ ጫፉ ሹል ነው። ቀጥላችሁ በሁለቱ ቅጠሎች እጀታ መካከል ግንዱን ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ሦስት ማዕዘን የሆነች፣ ጫፏ የሾለ ትንሽ ልባስ ታገኛላችሁ። በግንዱ ሌላ ወገንም እህቷ አለች። እንቡጡን በጨቅላነቱ ሸፍነው የሚያሳድጉት እነዚህ ናቸው። ቅጠሎች ጥንድ ሆነው፣ በመካከላቸው ይህች ልባስ ካለች፣ ያያችሁት የሩቢያሴ ቤተሰብ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ሦስተኛውን እኔ እወደዋለሁ። ቅጠሉን ገልብጡት። የመሃሉ ደም ሥርና የጎን ደም ሥሮች የሚገናኙበት ጥግ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ጉድጓድ አለ። በፊት በኩል ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ሆኖ ይታያል፤ ጣታችሁን ብታንሸራትቱበት ይሰማችኋል። በነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ የሸረሪት ዘመድ የሆኑ ጥቃቅን ፍጥረታት (ማይት) ይኖራሉ፤ ቅጠል የሚበሉት ሳይሆኑ ሻጋታና ሌሎች ጥቃቅን ተባዮችን የሚለቅሙት። ለነሱ ቤት የሠራላቸው ቅጠሉ ራሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጉድጓድ ሲያይ በሽታ መስሎት መድኃኒት ይጠይቃል። በሽታ አይደለም። ቅጠሉ ጀርባ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ካያችሁ ግን እሱ የቅጠል ዋግ ነውና ሌላ ጉዳይ ነው።

3. ሁለቱን ዓይነት ቅርንጫፎች ለዩ

የቡና ዛፍ ሁለት ዓይነት እንጨት ያወጣል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚሄደው ግንዱና ከግንዱ የሚወጡት ቀጥ ያሉ ቀንበጦች ናቸው። ወደ ጎን የሚዘረጋው ደግሞ አበባና ፍሬ የሚሸከመው ነው። በዓይን ለመለየት የቅጠሎቹን አቀማመጥ እዩ። ቀጥ ባለው ግንድ ላይ እያንዳንዱ የቅጠል ጥንድ ከበታቹ ካለው ጥንድ ጋር መስቀል ይሠራል። በጎን ቅርንጫፍ ላይ ግን እጀታዎቹ ስለሚጠመዘዙ ቅጠሎቹ ሁሉ እንደ ወፍ ክንፍ ግራና ቀኝ ተዘርግተው አንድ ወለል ይሠራሉ።

አሁን ወደ ስህተቴ። የአጎቴ ጓሮ ውስጥ ፍሬዋ እጅግ የሚያምር አንዲት ቡና ነበረች። ዘሯን መዝራት ይቆያል ብዬ ከጎን ቅርንጫፏ ቆረጥኩና ጥላ ሥር ተከልኳት። ብዙ ተንከባክቤ ሥር አወጣች፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በሁለተኛው ዓመት ግን ተክሌ ቁመት አልጨመረም፤ እንደ ዱባ መሬት ለመሬት ሄደ። ደግፌ በእንጨት ባቆመውም ከጫፉ እንደገና ወደ ጎን ዞረ። አጎቴ አይቶ «አንተ ዛፍ መቼ ተከልክ፣ ክንድ ነው የተከልከው» አለኝ። ልክ ነበር። የጎን ቅርንጫፍ ወደ ጎን ማደግን አይረሳም፤ ተቆርጦ ሥር ቢያወጣም ቀጥ ያለ ግንድ አይወጣውም። ቡናን በቁራጭ ማባዛት የፈለገ ሰው መቁረጥ ያለበት ቀጥ ብሎ ከሚወጣው ቀንበጥ ነው።

ግንዱ ላይ ተጠግታችሁ አንድ የቅጠል ብብት እዩ። ከላይ በኩል ያለው እንቡጥ የጎን ቅርንጫፍ ይሆናል፤ በአንድ ብብት አንድ ብቻ ነው። ያ ቅርንጫፍ ቢደርቅ ወይም ከሥሩ ቢገነጠል በቦታው ሌላ አይተካም፤ ዛፉ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እዚያ ላይ ራቁቱን ይቀራል። ከሱ በታች የተደረደሩት ጥቃቅን እንቡጦች ግን ተኝተው ይጠብቃሉ። ግንዱ ሲጎብጥ ወይም ሲቆረጥ ነቅተው ቀጥ ያሉ ቀንበጦች ያወጣሉ። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚያንሰራራው በነዚህ ነው፤ ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውሃ እንዳያቁር ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ፣ ከሚያቆጠቁጡት ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት አስቀርቶ ሌላውን መልቀም። ጉንደላን የሚፈራ ገበሬ ብዙ ነው፤ ሁለት ዓመት ያለ ምርት መቆየት ያስፈራልና አልፈርድበትም። የተኙትን እንቡጦች አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው ግን ፍርሃቱ ይቀንስለታል።

ችግኝ ካላችሁ ደግሞ ከታች ጀምራችሁ አንጓ ቁጠሩ። የመጀመሪያዎቹ የጎን ቅርንጫፎች የሚወጡት ከ8ኛው እስከ 11ኛው አንጓ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው ግንድ ቅርንጫፍ ስለሌለው «ችግኜ ጎድሎበታል» ብላችሁ አትጨነቁ።

4. ቅርንጫፉን እንደ ቀን መቁጠሪያ አንብቡት

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ በቡና ቅርንጫፍ ላይ አንድ አንጓ በአብዛኛው የሚያፈራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘንድሮ ፍሬ የያዘ ቦታ ለከርሞ ባዶ ነው። የከርሞው ፍሬ የሚመጣው ዘንድሮ ባደገው አዲስ እንጨት ላይ ነው።

በጥቅምት አንድ ጤነኛ የጎን ቅርንጫፍ ያዙና ከጫፉ ወደ ግንዱ ተመለሱ። ጫፉ አረንጓዴና ለስላሳ ነው፤ ቅጠል አለው፣ ፍሬ የለውም። ይህ ዝናቡ ከገባ ወዲህ ያደገው ነው፤ የከርሞ ማሳችሁ በሉት። ቀጥሎ በየአንጓው ፍሬ የታቀፈ ክፍል ይመጣል፤ እንጨቱ መጠንከርና መቦዝ ጀምሯል። ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ግንዱ በኩል፣ ቅጠል የረገፈበት ግራጫ እንጨት አለ፤ አንጓዎቹ ላይ ያለፉት ዓመታት ቅጠልና ፍሬ ጠባሳ ይታያል። የዘንድሮ፣ የአምና፣ የካቻምና፤ ሁሉም በአንድ ክንድ ላይ።

አሁን ቁጠሩ። ፍሬ የያዙት አንጓዎች ስንት ናቸው? ከፊታቸው ያሉት ባዶ አረንጓዴ አንጓዎችስ? አምና አንድ ዛፍ ላይ ያየኋት ቅርንጫፍ 11 አንጓ ሙሉ ፍሬ ተሸክማ ከፊቷ የነበረው አዲስ እንጨት 4 አንጓ ብቻ ነበር። ባለቤቷ በፍሬው ብዛት ተደስተው ነበርና ደስታቸውን ማበላሸት ከብዶኝ ዝም አልኩ፤ ዘንድሮ ግን ዛፏ የሰጠቻቸው ከጉንጭ የማይሞላ ነው። «ቡና አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ያርፋል» የሚባለው ከዚህ ይመጣል። ዛፉ ምግቡን ለፍሬ ከሰጠ እንጨት ማሳደጊያ ያጥረዋል፤ እንጨት ካላደገ በሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚወጣበት ቦታ የለም። ዋንዛና ብርብራ የመሰለ ጥላ ያለው ቡና ይህ መወዛወዙ ለዘብ የሚልለትም፣ ጥላው አበባውን ስለሚመጥነው ነው።

አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ተመሥርታችሁ አትፍረዱ። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች እያፈራረቃችሁ አምስት ስድስት ቁጠሩ።

5. አበባውን ፈልቅቁ

እንቡጦቹ በቅጠል ብብት ውስጥ ተጠጋግተው ይወጣሉ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ደርሰው በደረቁ ወራት ያንቀላፋሉ። ዝናብ ሲነካቸው በቀናት ውስጥ ይረዝማሉ፣ ይነጣሉ፣ አንድ ማለዳ ላይ መንደሩ ሙሉ አብሮ ይፈነዳል። ሽታው የጠምበለል ዘመድ ነው። ለማንቃት ደረቁም ጊዜ እኩል ያስፈልጋል፤ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚጠጣ ቡና አበባው ይበታተናል። በውጭ አገር በአበባ ማሰሮ ያሳደጋችሁት ዛፍ ሦስት አራት ዓመት ሞልቶት አላብብ ካለ፣ ሳይጠወልግ ጥቂት ሳምንታት ውሃ ቀንሱለትና ከዚያ አርኩት።

አንድ አበባ ቁረጡ። ከታች ጠባብ ቱቦ ነው፣ ከላይ ወደ ነጭ ክንፎች ይከፈታል። ክንፎቹን ቁጠሩ፦ አራቢካ ከሆነ አምስት ናቸው። በክንፎቹ መካከል፣ ቱቦው አፍ ላይ፣ ቀጫጭን ወንዴዎች ቆመዋል፤ እነሱም አምስት ናቸው። ከመሃል የሚወጣው ረጅም ክር ሴቴው ነው፤ ጫፉ እንደ እባብ ምላስ ለሁለት ይከፈላል። አሁን ነጩን ሁሉ ጎትታችሁ አውጡት። የቀረችው አረንጓዴ ጉብታ ፍሬ የምትሆነዋ ናት፤ ከአበባው ክንፍ በታች መቀመጧን ልብ በሉ። በምላጭ አግድም ብትቆርጧት ሁለት ክፍል ታያላችሁ፣ በእያንዳንዱ አንድ የዘር ጅምር። ሁለት የቡና ፍሬ በአንድ እሸት ውስጥ የሚገኘው ገና ከዚህ ተወስኖ ነው።

አራቢካ በዚህ ወገን ውስጥ ለየት ያለ ነው። ሌሎቹ ዝርያዎች 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው እሱ 44 አለው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሁለት ዝርያዎች፣ ሮቡስታ የምንለው ኮፊያ ካኔፎራና ኮፊያ ዩጂኒዮይደስ፣ ተዳቅለው የሁለቱንም ክሮሞዞም ሙሉ በሙሉ ይዞ ወጣ። በራሱ ብናኝ መፀነስ ይችላል፤ እንዲያውም አብዛኛው ፅንስ እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ንብ ብትጨምርበትም። አንድ የአራቢካ ዛፍ ብቻዋን ጓሮ ውስጥ ቆማ ታፈራለች፤ ሮቡስታ ግን የራሱን ብናኝ አይቀበልምና ጎረቤት ይፈልጋል።

6. ፍሬውን ከውጭ ወደ ውስጥ ግለጡ

አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬው ለስድስት ሳምንት ያህል ከቁንዶ በርበሬ አይበልጥም። ብዙዎች «አልያዘም» ብለው ተስፋ የሚቆርጡት በዚህ ጊዜ ነው። ክረምቱ ሲገባ ቶሎ ያብጣል፣ ከዚያ ውስጡ ይጠነክራል፤ ከአበባ እስከ ቀይ እሸት ከ7 እስከ 9 ወር ይፈጃል።

አንድ ቀይ እሸት ያዙ። ጫፉ ላይ ያለችው ክብ ጠባሳ የአበባው መቀመጫ የነበረች ናት። ጫን በሉት፤ ፍሬው ይስፈነጠራል። ቀዩ ልጣጭ፣ ከሥሩ ጣፋጩ ሙጫ፣ ቀጥሎ ሲደርቅ የሚንኮሻኮሸው ጠንካራ ነጭ ልባስ አለ። እስከዚህ ድረስ ያሉት ሁሉ የፍሬው ግድግዳ ናቸው፤ ዘሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። በዘሩ ላይ የተለጠፈች ብርማ ስስ ቆዳ አለች። እሷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፦ ቡና ሲቆላ ከምጣዱ እየበነነ፣ እፍ ሲሉት የሚሄደው ገለባ እሷ ናት። ከቆላችሁ በኋላ አንድ ፍሬ ስበሩና መሃሉ ያለውን ቦይ እዩት፤ እዚያ ውስጥ ተጠቅልላ የቀረች ቅሪት አትጠፋም።

ዘሩ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነው ሁለቱ ዘሮች ተያይተው ስላደጉ ነው። አንዱ ጅምር ሲጨነግፍ ሌላው ቦታውን ወርሶ ድብልብል ይሆናል። ቡና ስትለቅሙ ክብ ፍሬ ካጋጠማችሁ የተለየ ዝርያ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያው ዛፍ፣ ከዚያው ቅርንጫፍ የመጣ ብቸኛ ልጅ ነው።

ፅንሱን ለማየት ያልተቆላ ትኩስ ዘር ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ነጩን ልባስ ላጡ። በጉብጉቡ ጎን፣ በአንዱ ጫፍ በኩል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትረዝም ፅንስ ተኝታለች። በምላጭ ቀስ ብላችሁ ግለጧት። የቀረው ሁሉ፣ እኛ የምንቆላውና የምንፈጨው፣ ለሷ የተቋጠረ ስንቅ ነው። ሲበቅልም ዘሩ በቀጭን አንገት ተሸክሞ ከአፈር ይወጣል፤ ያኔ ክብሪት እንጨት ይመስላል። ቆይቶ ሁለት ክብ ቅጠሎች እንደ ቢራቢሮ ይዘረጋሉ። የቡና ዘር ሲሰነብት የመብቀል ኃይሉ ቶሎ ይጠፋልና ለዘር የሚሆነውን በለቀማችሁበት ወቅት ዝሩት። ገበያ ላይ የከረመ ጀንፈል ዘርታችሁ አልበቅል ቢል አፈሩን አትውቀሱ።

7. ዘመዶቹን ለዩ

ይህ ለአብዛኞቻችን የጉዞ እውቀት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የምታዩት አራቢካ ነውና አጠር ላድርገው። ኡጋንዳ ብትሄዱ ሮቡስታን ታያላችሁ፦ ቅጠሉ በጣም ሰፊና ሸካራ፣ አበባው ከአምስት እስከ ሰባት ክንፍ ያለው፣ ፍሬው አነስ ብሎ በአንጓው ላይ እንደ ዘለላ የተጨናነቀ። የላይቤሪያ ቡና ዛፍ ነው ማለት ይቀላል፤ ከ15 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፣ ቅጠሉ ወፍራም ቆዳ ይመስላል፣ ፍሬው ትልልቅ ነው። በላይኛው ምዕራብ አፍሪካ፣ በሴራሊዮንና በጊኒ፣ ስቴኖፊላ የሚባል ጠባብ ቅጠል ያለው ዝርያ አለ፤ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። የማዳጋስካር ዝርያዎች ብዙዎቹ ካፌይን የላቸውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው ያላቸው። አራቢካ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ፣ ሮቡስታ ሁለት በመቶ በላይ ካፌይን አለው፤ ሮቡስታ የሚመርረው በከፊል ለዚህ ነው።

በፈረንጆቹ 2019 በወጣ ግምገማ፣ ከተመረመሩት 124 የዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶዎቹ የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው ተገልጿል። የዱሩ አራቢካም ከነሱ መካከል ነው። ካፋና ያዩ ጫካዎች በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው የተመዘገቡት አንዱ ምክንያት የዚሁ የዱር ቡና መኖሪያ በመሆናቸው ነው።

8. በአራቢካ ውስጥ ያለውን ልዩነት መዝግቡ፣ ክር እሰሩ

ሁለት ዛፎች ጎን ለጎን ስታዩ መጀመሪያ የለጋ ቅጠላቸውን ቀለም እዩ። አንዱ ጫፉ አረንጓዴ፣ ሌላው ነሐስ የመሰለ ቀይ ቡናማ ይሆናል። ይህ በዘር የሚወረስ ነውና ጎረቤት ዛፎችን ለመለየት ይረዳል። ከዚያ ቁመናውን፦ አንዳንዱ ተዘርግቶ የሚያድግ ነው፣ አንዳንዱ አንጓዎቹ ተቀራርበው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት 74110 እና 74112 ጥቅጥቅ ካሉት ወገን ናቸው። በቁጥራቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፤ የቡና ፍሬ በሽታ አገሪቱን ካስጨነቀ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1974፣ በሽታውን ከተቋቋሙ ዛፎች መካከል የተመረጡ ናቸው። በማስመሪያችሁ በሁለት አንጓ መካከል ያለውን ርቀት ለካ ለካ አድርጉና ጻፉት፤ «ጥቅጥቅ» ማለት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ በራሳችሁ ዛፍ ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻ ክሩን አውጡ። ከመረጣችኋቸው አምስት ስድስት ቅርንጫፎች በእያንዳንዱ ላይ፣ ከጫፉ የመጨረሻው የተከፈተ የቅጠል ጥንድ በታች ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፤ እንጨቱ ሲወፍር እንዳያንቀው። ቀኑንና ከክሩ ወዲህ፣ ወደ ግንዱ በኩል፣ ያሉትን ባዶ አንጓዎች ብዛት ጻፉ። በሚያዝያ ተመልሳችሁ ስንቱ አንጓ እንዳበበ ቁጠሩ፣ በሰኔ ስንቱ ፍሬ እንደያዘ። በሚቀጥለው ጥቅምት ስትመጡ ፍሬው ከክሩ ወዲህ ተሰልፎ፣ ከክሩ ወዲያ ደግሞ አዲስ አረንጓዴ እንጨት በቅሎ ታገኙታላችሁ። ሌላ ቀለም ክር ይዛችሁ ሂዱ።